አዴ ወርቅ ቤት ያስፈተኑት ገመድ

ስለ ገመድ መከራከር የጀመርኩት ማንም ሳይጠይቀኝ ነው። ልማዴ ነው። የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ሰው ፊቴ የተሳሳተ ነገር ሲያወራ ዝም ካልኩ ሆዴን ይነፋኛል። ሐረር ውስጥ ደግሞ ተከራካሪ ጠፍቶ አያውቅም። ግን ያን ሳምንት ስለ ቴሌቪዥን ገመድ ያወራሁትን ያህል በዕድሜዬ ስለ ምንም ነገር አውርቼ አላውቅም። ከተናገርኩት ግማሹ ልክ ነበር። ግማሹን፣ አቦ፣ ተዉት።

ጀጎል ውስጥ ከአንድ ሐረሪ ባልና ሚስት ግቢ ፎቅ ላይ ያለችውን ክፍል ተከራይቼ ስኖር አሥር ዓመት ሆነኝ። ወገኖቼ ከግንቡ ውጪ ናቸው፤ ቅድመ አያቴ ከሸዋ መጥቶ እዚያው የቀረ ነው። እናቴ እስከ ዛሬ «ከግንቡ ውስጥ ምን አለህ?» ትለኛለች። ያሉኝ እነሱ ናቸው። ሴትየዋን እንደ ሠፈሩ ሁሉ አዴ እላቸዋለሁ፤ ባለቤታቸውን ሐጂ። አዴ ሲስቁ ግቢው አብሮ ይስቃል። ሐጂ ግን ቁጥብ ናቸው። ጨው አነሰ፣ ጨው በዛ፣ በሩን ዝጉ። ከዚህ ያለፈ ቃል ካወጡ ያ ቀን ዒድ ነው።

ነገሩ የተነሳው ከልጃቸው ሠርግ ነው። አንዲት ሴት ልጃቸው ባለፈው ዓመት ተድራ ድሬዳዋ ገባች። ሠርጉን ከተማው ሁሉ አየው፤ ያላዩት አዴ ብቻ ናቸው። የሙሽራ እናት ሠርግ የት ታያለች? ድስት ነው የምታየው። ሦስት ቀን ሙሉ ከምድጃው ሥር አልተነሱም። ሁሉም አልቆ እግራቸውን ዘርግተው ሲቀመጡ፣ ድምፅዋ ያለ ማይክ ሁለት ሠፈር የሚያዳርሰው ጎረቤታችን ገባችና «ሐጂ ጨፈሩ እኮ!» አለቻቸው።

«የትኛው ሐጂ?» አሉ አዴ።

«ያንቺው!»

አዴ ሳቁባት። ሐጂ በገዛ ሠርጋቸው እንኳ አልጨፈሩም፤ አርባ ዓመት ሙሉ ትከሻቸው ሲነቃነቅ ያየ የለም። ግን የአፎቻው ሴቶች አንድ በአንድ መሰከሩ። አፎቻ ማለት በደስታም በሐዘንም የሚሰባሰብ የጎረቤት ማኅበር ነው፤ እዚያ የተባለ ነገር ወሬ አይደለም፣ ቃል ነው። ሐጂ ልጃቸውን መርቀው ሊሸኙ ሴቶቹ ዘንድ ገቡ፣ ሴቶቹ ተከናነቡ፣ ከረቡው፣ ያ የሐረሪ ከበሮ፣ ተመታ፣ ሐጂ ጨፈሩ። ሁሉም ያሉት ይሄንኑ ነው።

ሐጂ ግን ወይ ፍንክች!

አዴ «ጨፍረሃል ወይ?» ሲሏቸው፣ «ማን አየ?» ይላሉ።

«እስቲ ወላሂ በል!»

ወላሂ አይሉም። በሐሰት መማል ይፈራሉ። ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ የሶላት ሰዓት ይሁን አይሁን ወደ መስጊድ ይወጣሉ። አዴ ከኋላቸው እያዩ «አየኸው? አየኸው?» ይሉኛል፤ እኔም አያለሁ።

እኔ ነገሩን እንደ ቀልድ ነበር የያዝኩት። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ሩዝ ሲለቅሙ ደርሼ «አዴ፣ የሐጂ ጭፈራ ከምን ደረሰ?» ብዬ ቀለድኩ። አልሳቁም።

«ልጄ፣ አንተ ሳቅ መስሎህ ነው» አሉኝ። «አርባ ዓመት ድስት ላይ ሳፈጥ ብዙ ነገር አልፎኛል። ይለፈኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ይሄ ግን እንዲያልፈኝ አልፈልግም። ያ ሰውዬ ደስ ብሎት አንዴ፣ አንዴ ብቻ ልየው።»

ከዚያ በኋላ አልቀለድኩም።

የሠርጉ ቪዲዮ በቪዲዮ አንሺዋ ቀጠሮ ሲንከባለል ወራት ቆይቶ በመጨረሻ በሃርድ ዲስክ መጣ። ልጅቷ ለእናቷ ግድግዳ የሚያክል ቴሌቪዥን ገዝታ ልካለች፤ ሃርድ ዲስኩን ግን ቴሌቪዥኑ አላውቅም ብሎ እምቢ አለ። «በላፕቶፔ ይዩት» አልኳቸው። «ሐጂን በሰሃን ስፋት?» አሉኝ። በትልቁ ነው፣ ደግሞም ምስክሮቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት ነው። ሐሙስ ከዐስር ሶላት በፊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አፎቻውን ጠሩ። ስለዚህ ላፕቶፑን ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚያገናኝ ገመድ ያስፈልጋል፤ ይሄ ቀላል ነው።

ቀላል አልነበረም። ቪዲዮው ውስጥ ሴቶቹ ለብቻቸው ሆነው ጠጉራቸውን ገልጠው የሚጫወቱበት አለ። ወንድ አያይም። ላፕቶፑን የምነካካው ደግሞ እኔ ነኝ። አዴ መላ አወጡ፦ እኔ በጎን ካለችው ትንሽ ክፍል እቀመጣለሁ፣ የላፕቶፑ ስክሪን ይጠፋል፣ ምስሉ በቴሌቪዥኑ ብቻ ይወጣል። በመሃል ባለው የእንጨት በር አንድ ጊዜ ካንኳኩ አቁም፣ ሁለት ጊዜ ካንኳኩ ወደ ኋላ መልስ። የጀጎል ቤት ግድግዳ ደግሞ ድንጋይ ነው፣ ክንድ ተኩል ይወፍራል፣ ሚስማር ወደ ውስጥ አያስገባም። ገመዱ በጣሪያው ሥር ዞሮ፣ በበሩ አናት አልፎ፣ ከነደባው ማለትም ሴቶቹ ከሚቀመጡበት መደብ በላይ ተንጠልጥሎ ነው ቴሌቪዥኑ ጋ የሚደርሰው። ለካሁት፤ አሥር ሜትር።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስወጣ ሱቅ ሄድኩ። ሐረር ውስጥ ሦስት ዓይነት ዕቃ አለ፦ ኦሪጅናል፣ ኦሪጅናል ኦሪጅናል፣ እና ወላሂ ኦሪጅናል። ባለ ሱቁ ሦስተኛውን አወጣልኝ። ወፍራም፣ የተጎነጎነ፣ ጫፉ ቢጫ ሆኖ የሚያብረቀርቅ። በእሱ ዋጋ ስምንት ተራ ገመድ ይገዛል።

«ጫፉ ወርቅ ቅብ ነው» አለኝ።

እንዴ! ደሜ ፈላ። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሁሉ እስኪዞሩ ድረስ አስተማርኩት። «ወንድሜ፣ ምስሉ የሚሄደው በቁጥር ነው፤ ዜሮና አንድ። ገመዱ ወይ ያደርሳል ወይ አያደርስም። አሳምሮ ማድረስ የሚባል ነገር የለም! ደብዳቤ በወርቅ ፖስታ ስለተላከ ጽሑፉ ያምራል?»

ሰውየው ሰምቶ ሰምቶ፣ «አስተማሪ፣ ያልከው እውነት ነው» አለ። «አጠገብ ለአጠገብ ቢሆን እኔም ቀጭኑን ነበር የምሰጥህ። አሥር ሜትር ነው ግን የምትወስደው። ለአሥር ሜትር ቀጭኑን አልመክርህም።»

ሰማሁት? አልሰማሁትም። ነጋዴ ነው፣ ሊሸጥ ነው ብዬ ቀጭኑን አሥር ሜትር ይዤ እንደ ድል አድራጊ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ የገረመኝ ሐጂ ናቸው። አሥር ዓመት በአንድም ክርክር ተስማምተውልኝ የማያውቁት ሐጂ፣ ቀጭኗን ገመድ በሁለት ጣታቸው አንስተው መዘኗት። «ይቺ ትበቃለች» አሉ። «እንዲያውም ትበዛለች። አስተማሪ የተናገረው ልክ ነው።» ደረቴ ተነፋ። ሞኝ፣ ለምን ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም።

ረቡዕ ሞከርነው። ምስሉ መጣ፣ ሙሽራዋ ነጭ ለብሳ ብቅ አለች፣ አዴ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፣ ጠፋ። ቴሌቪዥኑ ጥቁር ሆኖ «ኖ ሲግናል» የሚል ጻፈ።

«ምን ይላል?» አሉ አዴ።

«ምልክት አልደረሰኝም ይላል።»

መጣ። ጠፋ። ነቅዬ ሰካሁት፣ ገለበጥኩት፣ ነፋሁበት፣ ተሳደብኩ። ድምፀ ብዙዋ ጎረቤታችን በበሩ አጮልቃ «አስተማሪ፣ ወይ ይደርሳል ወይ አይደርስም አላልክም? ይኸው አልደረሰም!» አለችና በሳቅ ተንከተከተች። ሱቅ ውስጥ የተናገርኩት ከእኔ በፊት ሠፈር ገብቷል ማለት ነው። ሐጂ ደግሞ ከየት እንደመጡ እንጃ፣ ከኋላዬ ቆመው «አላህ ያላለው ነው፤ ተዉት በቃ» አሉ። ጥርሳቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው።

አዴ የቴሌቪዥኑን ጥቁር መስተዋት በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉት፣ አቧራ ሳይኖረው።

ያን ጊዜ አፈርኩ። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማስተምረው ነገር ነው እኮ! ቀጭን መዳብ መንገድ ሲረዝምበት ይደክማል፤ በሁለት ሜትር የማይታይ ድካም በአሥር ሜትር ይታያል። ወይ ይደርሳል ወይ አይደርስም ማለቴ ልክ ነው፤ ርቀት የሚባል ነገር መኖሩን ነው የረሳሁት። «አዴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ነገ ወፍራሙን አመጣለሁ» አልኳቸው። «አይ፣ ነገ እኔ ራሴ እገዛለሁ» አሉኝ፤ «አንተ ዕቃ ስትገዛ ንግግር ታበዛለህ።»

ሐሙስ ጠዋት ክፍለ ጊዜ ስላልነበረኝ አብሬያቸው ሄድኩ፤ አፌን ዘግቼ። አዴ ወፍራሙን ገመድ አገላብጠው «ጫፉ ምንድን ነው?» አሉ። «ወርቅ ነው፣ አዴ፤ ወርቅ ቅብ» አለ ባለ ሱቁ። ከፍለው በሻሻቸው ጠቅልለው ወጡ። ወደ ቤት በግራ ነው፤ እሳቸው በቀኝ ታጠፉ።

«አዴ፣ በዚህ አይደለም እኮ።»

«ዝም በልና ተከተለኝ።»

የት እየሄድን እንደሆነ የገባኝ ወርቅ ሠሪው ደጃፍ ስንደርስ ነው። የልጃቸውን የሠርግ ወርቅ የሠራ ሽማግሌ ነው። ሐረር ውስጥ ወርቅ የተባለ ነገር ገዝታ ሳታስፈትን ቤቷ የምትገባ ሴት አልተወለደችም፤ አዴም የመጀመሪያዋ መሆን አልፈለጉም። ገመዱን ባንኮኒው መስተዋት ላይ ዘርግተው «ወርቅ ነው ብለው ሸጡልኝ፤ ስንት ካራት ነው?» አሉት።

ሽማግሌው ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ። ምን ሲደረግ! መነጽሩን አደረገ፣ ጥቁሩን ድንጋይ አወጣ፣ የገመዱን ጫፍ ያዘ።

«ኧረ በስመአብ! ተዉ! ይበላሻል!» አልኩ።

«አስተማሪ፣ ወርቅ በፈተና አይበላሽም» አለኝና አሸት አሸት አደረገው። ድንጋዩ ላይ ቀጭን ቢጫ መስመር ወጣ። ጠብታ አሲድ ጣል አደረገበት። መስመሯ ሹልክ ብላ ጠፋች። እንዳይሳሳት ሌላውንም ጫፍ አሸው። አዴ ወገባቸውን ይዘው ይጠብቃሉ፤ እኔ ግንባሬን ይዤ።

«አዴ» አለ ሽማግሌው በመጨረሻ፣ «ይሄ ወርቅ አይደለም። ወርቅ በአጠገቡ ሲያልፍ ሰላም ብሎት ነው።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ!» አሉ አዴ ወደ እኔ ዞረው፣ ቅቡን የሸጥኩላቸው እኔ ይመስል። ሁለቱም የገመዱ ጫፎች ተፍቀው ነጭ ብረት ሆነዋል። የተፈቀ ዕቃ ማን ይመልሳል? ባለ ሱቁን ለመርገም ወደዚያው ሊመለሱ ሲሉ «አዴ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አፎቻው ይመጣል፤ መጀመሪያ እንሞክረው» ብዬ ለምኜ ወሰድኳቸው። እውነቱን ለመናገር ተስፋ ቆርጬ ነበር።

ሰካነው። ሙሽራዋ ብቅ አለች። ቆመች። አልጠፋችም። ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት፣ ጥርት ብሎ፣ አንዴ እንኳ ብልጭ ድርግም ሳይል። ወርቁ ከላዩ ተፍቆ! ዘለልኩ። «አየሽ?... አዩ አዴ? ወርቁ ምንም ሥራ የለውም! ያስከፈለን ሆዱ ውስጥ ያለው ወፍራም መዳብ ነው!» አዴ ግን የሚያዩት ልጃቸውን ነበር፤ እኔን ማን ሰማኝ። ከዚያ ወዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ የምመልሰው አንድ ነው፦ ለአጭር መንገድ ርካሹን ግዛ፣ ለረጅሙ ወፍራሙን ግዛ፣ ለወርቁ ግን ወርቅ ቤት ሂድ። አንዲት ችግር ብቻ ነበረች። ፈታኙ በደንብ ስላሸው የገመዱ ጫፍ ላፕቶፔ ላይ ላላ ብሏል፤ ካልተያዘ ይንሸራተታል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሴቶቹ ገቡ። ነደባው ሞላ፣ ምንጣፉ ሞላ፣ ሳቁና ሽቶው በበሩ ሥር ወደ እኔ ይመጣል። እኔ በጎኗ ክፍል ጥቁር ስክሪን ፊት ተቀምጬ የገመዱን ጫፍ በእጄ ደግፌ ይዣለሁ። ሐጂ ከጎኔ ናቸው። ወደ መስጊድ መሄድ ፈልገው አዴ «ዛሬ የትም!» ብለዋቸዋል። አንዲት ዛላ ጫት በእጃቸው ይዘዋል፤ ቅጠሉን ግን አልነኩትም።

«አስተማሪ» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «ያ ገመድ ላላ ያለ ይመስላል።»

«ይዤዋለሁ፣ ሐጂ።»

«እጅህ አይደክምም? ብትለቀውስ?»

ያን ጊዜ ነው የበራልኝ! ለካ ቀጭኗን ገመድ ያመሰገኑልኝ እንዳትሠራ ነው። «ሐጂ! ጨፍረዋል ማለት ነው!» አልኳቸው።

የጫቱን ዛላ ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩት። በበሩ ወዲያ ከረቡው መመታት ጀመረ፤ የቪዲዮው ከረቡ ነው፣ ሴቶቹ ግን በእውነተኛ ጭብጨባ ተቀበሉት። «አሁን ነው! አሁን ይገባል!» የሚለው የጎረቤታችን ድምፅ ግንቡን አልፎ ተሰማ። ከዚያ እልልታው ቤቱን ሊያፈርሰው ደረሰ። «ማሻአላህ! ሐጂ! ማሻአላህ!» እኔ ጥቁር ስክሪን አያለሁ። በሩ ሁለት ጊዜ ተንኳኳ። መለስኩ። እልልታ። ሁለት ጊዜ ተንኳኳ። መለስኩ። ስንት ጊዜ እንደመለስኩ እንጃ፤ በየጊዜው እልልታው እየቀነሰ፣ አንኳኪዋ ግን እየፈጠነች ሄደች። በመጨረሻ የሚሰማው ከረቡው ብቻ ሆነ።

ሐጂ ወደ መሬት እያዩ «ጠርቻት ነበር» አሉ።

«ማንን?»

«እሷን፣ እናትየዋን። ልጄን ስሸኝ ... ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ። እሷ ትምጣና አብረን እንሁን አልኩ። ያቺን ባለ ድምፅ ወደ ማድ ቤት ላክኋት። እየጨፈርኩ በሩን አያለሁ። አልመጣችም።» የጫቱን ዛላ አስቀመጡት። «ሰው ፊት ብቻውን የጨፈረ ሽማግሌ ምን ይላል? አልጨፈርኩም ነው የሚለው።»

በሩ አንድ ጊዜ ተንኳኳ። አቁም። አቆምኩ።

በሩ ተከፈተ። አዴ ናቸው። ከኋላቸው ጎረቤታችን «ማድ ቤት የሄድኩት እኔ ነኝ! ነግሬያታለሁ! ‹ሐጂ ይጠራሻል› ብያታለሁ!» እያለች ትምላለች። አዴ በእጃቸው ዝም አሰኟት። ሁለቱ የሚነጋገሩት በሐረሪኛ ነው፤ አሥር ዓመት ኖሬ የሚበቃኝን ያህል እሰማለሁ።

«እየጨፈርክ በሩን ነበር የምታየው» አሉ አዴ።

«አልመጣሽም» አሉ ሐጂ።

«መልእክቱ ደርሶኛል።» አሉ አዴ። «ሩዙ እሳት ላይ ነበር። ደግሞ ... ጨው አነሰ ልትለኝ መስሎኝ ነው። አርባ ዓመት ጠርተኸኝ ሌላ ምን ብለኸኝ ታውቃለህ?»

ሐጂ ቀና ብለው አዩዋቸው። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ገመዱን ይዤ የት እሄዳለሁ? ከዚያ ሐጂ ኮፍያቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወደ መስጊድ ሊወጡ ነው ብዬ ነበር።

«አሁንስ?» አሉ።

አዴ እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉና ሳቁ፤ ያ ግቢውን የሚያስቀው ሳቅ።

«አሁን እሳት ላይ የጣድኩት የለም» አሉ።

ሐጂ ተነሱ። «ወንድ ገባ! ተከናነቡ!» ብላ ጎረቤታችን ጮኸች፤ የሻሽ ኮሽታ፣ ሳቅ፣ ግርግር ሆነ። አዴ በሩን ከመዝጋታቸው በፊት ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ከከረቡው ጀምርልን» አሉኝ። ጀመርኩላቸው። በሩ ተዘጋ። ሐጂ ሲጨፍሩ እኔ እስከ ዛሬ አላየሁም። ከረቡው ሳያልቅ እንዳይቋረጥባቸው፣ የገመዱን ጫፍ በሁለት እጄ ጥብቅ አድርጌ ይዤ ተቀመጥኩ።